ጁኒየር የሚባለው ማን ነው? የአየርላንድ የካውንቲ ጁኒየር የክለቦች ሻምፒዮና ሲብራራ

ጁላይ 24 ቀን 2022 በደብሊን ከተማ፣ ከ82 ሺህ በላይ ተመልካች በሚይዘው የክሮክ ፓርክ ስታዲየም፣ የኬሪ ካውንቲ (ካውንቲ የአገሪቱ የአስተዳደር ክፍል ነው) ቡድን ጎልዌይን 0-20 ለ 0-16 አሸንፎ የመላ አየርላንድ የጌሊክ ፉትቦል ሻምፒዮን ሆነ። ከኬሪ ሃያ ነጥቦች ስምንቱን ያስቆጠረው ዴቪድ ክሊፎርድ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ይኸው ተጫዋች ያደገባትን የፎሳን መንደር ማሊያ ለብሶ «ጁኒየር» በሚባል ውድድር ውስጥ ተሰለፈ። ቃሉን ብቻ ለሰማ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። አገር ያወቀው ጎልማሳ ከታዳጊዎች ጋር ምን ያደርጋል? ወይስ ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ነው?

ሁለቱም አይደለም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው «ጁኒየር» የሚለውን ቃል ከዕድሜ ጋር፣ የውድድር ደረጃን ደግሞ ከተጫዋቹ ችሎታ ጋር ስለምናያይዘው ነው። በጌሊክ ፉትቦል ደረጃው የክለቡ እንጂ የተጫዋቹ አይደለም፤ ክለቡ ደግሞ የአንድ ቦታ ነው። ይህ አንድ ነገር ከገባን የቀረው ሁሉ ከእሱ ይከተላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው ራሱ ምን ዓይነት ነው?

ጌሊክ ፉትቦል ኳስን በእጅም በእግርም መጫወት የሚፈቀድበት የአየርላንድ ባህላዊ ስፖርት ነው። ኳሱ ክብ ነው፤ መጠኑም ከምናውቀው የእግር ኳስ ብዙም አይለይም። ሜዳው ግን በጣም ሰፊ ነው። ርዝመቱ ከ130 እስከ 145 ሜትር፣ ስፋቱ ከ80 እስከ 90 ሜትር ይደርሳል። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ በተለመደው አሰላለፍ አንድ በረኛ፣ ስድስት ተከላካዮች፣ ሁለት አማካዮችና ስድስት አጥቂዎች ናቸው።

ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ መሮጥ ይችላል፤ ነገር ግን ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ ከፈለገ ኳሱን ወይ መሬት ላይ ማንጠር፣ ወይ በእግሩ ጫፍ ነክቶ ወደ እጁ መመለስ አለበት። መሬት ላይ ማንጠር በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ኳሱን በእግሩና በእጁ መካከል እያመላለሰ ተቃዋሚን ሲያልፍ ማየት የዚህ ጨዋታ ትልቁ ውበት ነው። ለጓደኛ ማቀበል የሚቻለው በእግር በመምታት ወይም ኳሱን በእጅ በመምታት ነው፤ መወርወር ክልክል ነው። መሬት ላይ ያለ ኳስ በቀጥታ በእጅ አይነሳም፤ መጀመሪያ በእግር ጫፍ ከፍ መደረግ አለበት።

በሜዳው ጫፎች ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና በመካከላቸው አንድ አግዳሚ ቆመዋል። ከአግዳሚው በታች በረኛ የሚጠብቀው መረብ አለ፤ ኳሱ እዚያ ከገባ ጎል ይባላል፣ ዋጋውም ሦስት ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከጎሉ 40 ሜትር ርቀት ላይ ከተሰመረው ቅስት ውጪ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ የሚያልፍ ኳስ ሁለት ነጥብ እንዲያስገኝ ተደርጓል። ይህ ለውጥ የቀድሞው የደብሊን አሠልጣኝ ጂም ጋቪን ከመሩት የማሻሻያ ኮሚቴ የመጣ ሲሆን፣ ትልልቆቹን የካውንቲ ቡድኖች ብቻ ሳይሆን የመንደር ክለቦችንም ይመለከታል። ጎልና ነጥብ የሚያበሥሩት በየጎሉ አጠገብ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚቆሙ የግብ ዳኞች ናቸው፤ ለጎል አረንጓዴ፣ ለአንድ ነጥብ ነጭ፣ ለሁለት ነጥብ ደግሞ ብርቱካንማ ባንዲራ ያውለበልባሉ።

ውጤቱ ለምን በሰረዝ ይጻፋል?

የጌሊክ ፉትቦልን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው «0-19 ለ 1-13» የሚል ሲያይ የሁለት ጨዋታዎች ውጤት አንድ ላይ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር የጎሎች፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የነጥቦች ብዛት ነው። ሰዓትን ከነደቂቃው እንደምንናገረው ማለት ነው፤ «አንድ ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ» ስንል አንዱ ሰዓት በውስጡ ስልሳ ደቂቃ እንዳለው አድማጫችን ያውቃል። እዚህም አንዷ ጎል በውስጧ ሦስት ነጥብ ይዛለች። ስለዚህ 1-13 ማለት ሦስት ሲደመር አሥራ ሦስት፣ በድምሩ 16 ነው፤ 0-19 ደግሞ 19 ነው። ጎል ያላገባው ቡድን በሦስት ነጥብ አሸንፏል ማለት ነው። ይህን ምሳሌ ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ክለብ ሲባል ምን ማለት ነው?

ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር ኖቬምበር 1 ቀን 1884 በቲፐሬሪ ካውንቲ፣ ተርለስ በምትባል ከተማ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል ማይክል ኩሳክና ሞሪስ ዴቪን ይገኙበታል። አየርላንድ በዚያን ጊዜ በብሪታንያ አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ የአገሬውን ጨዋታዎች ማደራጀት ከስፖርት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ማኅበሩ ሲደራጅ መሠረቱን ያደረገው አጥቢያን ነው። በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ ክለብ መሠረተ፤ የአጥቢያው ወሰንም የክለቡ ወሰን ሆነ። እርግጥ በከተሞች ይህ ድንበር ላልቷል፤ ተጫዋች ለመሆንም ቤተ ክርስቲያን መሳም አይጠየቅም። በገጠሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው ለየትኛው ክለብ እንደሚጫወት ለማወቅ የት እንዳደገ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ከክለቦቹ በላይ ካውንቲ አለ። ካውንቲ የአየርላንድ የቆየ የአስተዳደር ክፍል ነው፤ በመላው ደሴት 32 አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ዛሬ በዩናይትድ ኪንግደም ሥር ባለችው በሰሜን አየርላንድ የሚገኙ ሲሆን፣ ማኅበሩ ግን ድንበሩን ሳይቆጥር ሁሉንም እንደ አንድ አገር ያወዳድራል። ካውንቲዎቹ ደግሞ በአራት ክፍለ ሀገሮች ይጠቃለላሉ፤ እነሱም አልስተር፣ ማንስተር፣ ሌንስተርና ኮናክት ናቸው።

ማንም ተጫዋች ደመወዝ አይከፈለውም። በክሮክ ፓርክ ሰማንያ ሺህ ሰው ፊት የሚጫወተውም ሆነ በመንደሩ ሜዳ ሃምሳ ሰው ፊት የሚጫወተው ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ይገባል። መምህር፣ ገበሬ፣ አናጢ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ተማሪ ነው። ክለብ ተጫዋች አይገዛም፣ አይሸጥምም። ዝውውር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በአብዛኛው የመኖሪያ ቦታ መቀየርን ይጠይቃል፣ በካውንቲው ሕግም ይጣራል። የተሻለ ዋንጫ ፍለጋ ጎረቤት ክለብ መግባት በሕጉ ከባድ ነው፤ በመንደሩ ሰው ዓይን ደግሞ ከሕጉም ይብሳል።

ታዲያ ጁኒየር ማለት ምንድን ነው?

በአንድ ካውንቲ ውስጥ ያሉ ክለቦች ብዙ ናቸው፤ ጥንካሬያቸውም እኩል አይደለም። ስለዚህ የአዋቂዎቹ ቡድኖች በሦስት ዋና ዋና ደረጃዎች ይከፈላሉ። ከላይ ሲኒየር፣ በመካከል ኢንተርሚዲየት፣ ከታች ጁኒየር ይባላሉ። ብዙ ክለቦች ባሉባቸው ካውንቲዎች ጁኒየሩ ራሱ ወደ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እርከኖች ይከፋፈላል። በኬሪ ለምሳሌ «ጁኒየር ፕሪሚየር» የሚባለው ላይኛው ጁኒየር ሲሆን፣ ከሥሩ ጁኒየርና ጀማሪ የሚባሉ ሌሎች እርከኖች አሉ።

በእግር ኳስ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግ እያልን እንደምንደረድረው ነው። ማንም ሰው በታችኛው ሊግ የሚጫወተውን «ልጅ ነው» አይለውም። የጁኒየር ቡድንም እንዲሁ የአዋቂዎች ቡድን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ወጣትና ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነው አባት ጎን ለጎን ሊሰለፉበት ይችላሉ። የታዳጊዎች ውድድሮች ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ እነሱ ማይነር ወይም «ከዚህ ዕድሜ በታች» በሚል ስም ይጠራሉ። በአየርላንድ ከተሞች የሚኖሩና ልጆቻቸው በትምህርት ቤት በኩል ወደ አካባቢው ክለብ የገቡ ወላጆች ይህን ልዩነት ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል፤ በክለቡ ማስታወቂያ ላይ «የጁኒየር ጨዋታ» የሚል ካዩ የሚጫወቱት ልጆቻቸው ሳይሆኑ ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ከእግር ኳስ ሊጎች ጋር ያለው ንጽጽር እዚህ ላይ ያበቃል። በእግር ኳስ በታችኛው ሊግ ጎልቶ የወጣ ተጫዋች በማግሥቱ በላይኛው ሊግ ክለብ ይገዛል፤ ስለዚህ ደረጃውና የተጫዋቾቹ ችሎታ ሄዶ ሄዶ ይመጣጠናል። በጌሊክ ፉትቦል የሚገዛ ስለሌለ አይመጣጠንም። ትንሽ መንደር በአንድ ትውልድ ሁለት ድንቅ ተጫዋቾች ብታፈራ ሁለቱም እዚያው ይቆያሉ፤ የቀሩት አሥራ ሦስት ግን ተራ የመንደር ተጫዋቾች ሊሆኑ ይችላሉ። አሥራ አምስቱ አብረው እስኪያሸንፉ ድረስ ክለቡ ከጁኒየር አይወጣም።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

ማኅበሩ የውድድር ዓመቱን ለሁለት ከፍሎታል። ዓመቱ ሲጀምር ጀምሮ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ ያለው ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለካውንቲ ቡድኖች ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የክለቦች ነው። ይህ አከፋፈል ሥራ ላይ የዋለው በቅርቡ ሲሆን፣ ከ2022 ጀምሮ የመላ አየርላንድ የካውንቲዎች የፉትቦል ፍጻሜ በጁላይ እንዲካሄድ ያደረገውም እሱ ነው። ከዚያ በፊት የክለብ ተጫዋቾች ዋናው ጨዋታቸው መቼ እንደሚሆን ሳያውቁ ክረምቱን በሙሉ የካውንቲያቸውን ቡድን መሰናበት ይጠብቁ ነበር። እረፍት ለመውጣትም ሆነ ሠርግ ለመደገስ ቀን መቁረጥ የማይችሉበት ዓመት ብዙ ነበር። ክፍፍሉን ሁሉም አይወደውም፤ ለተራው የክለብ ተጫዋች ግን የኑሮ እፎይታ ሰጥቶታል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ዓይነት ውድድር አለ፤ ሊግና ሻምፒዮና። ሊጉ በፀደይና በበጋ ይካሄዳል፤ የካውንቲው ተጫዋቾች በአብዛኛው ስለማይገኙ ሌሎቹ የሚፈተኑበትና አዳዲሶቹ የሚሞከሩበት ነው። ዋናው ሻምፒዮናው ነው። በኬሪ ጁኒየር ፕሪሚየር አሥራ ስድስት ክለቦች አራት አራት ሆነው በአራት ምድብ ይደለደላሉ፣ በየምድቡ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። ከየምድቡ ግርጌ የቀሩት ደግሞ ላለመውረድ እርስ በርስ ይፋለማሉ። የመጨረሻው ተሸናፊ ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል፣ የዋንጫው አሸናፊ ወደ ኢንተርሚዲየት ያድጋል። በሌሎች ካውንቲዎች የምድቡ ብዛትና የመውረጃው ሥርዓት ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ደረጃን በሊግ ውጤት ይወስናሉ። ጠቅላላ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው።

አንድ የክለብ ጨዋታ ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ከትልልቆቹ የካውንቲ ጨዋታዎች በአሥር ደቂቃ ያጥራል። በማሸናነፊያ ጨዋታ እኩል ከተለያዩ ተጨማሪ ሰዓት አለ። ከቢጫና ከቀይ ካርድ ሌላ ጥቁር ካርድ የሚባል አለ፤ ሆን ብሎ ተቃዋሚን መጎተትን በመሰለ ጥፋት ተጫዋቹን ለአሥር ደቂቃ ከሜዳ ያስወጣዋል።

የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ለምን ጁኒየር ውስጥ ተገኘ?

ፎሳ ከኪላርኒ ከተማ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ፣ በሐይቅ ዳር የምትገኝ መንደር ናት። በኪላርኒ ከተማ ውስጥ ዶክተር ክሮክስ የሚባል ኃያል ክለብ አለ፤ በ1992 እና በ2017 የመላ አየርላንድ የሲኒየር ክለቦች ሻምፒዮን ሆኗል። ዴቪድ ክሊፎርድ እና ታላቅ ወንድሙ ፓውዲ፣ ሁለቱም የኬሪ ካውንቲ ቡድን ዋና ተሰላፊዎች፣ ከዚህ ክለብ ሜዳ ብዙም ሳይርቁ ነው የኖሩት። በሌላ ስፖርት ቢሆን ኖሮ የልጅነታቸው ክለብ በ«አሳዳጊ» ስም ብቻ ይታወስ ነበር። እዚህ ግን የፎሳ ልጆች ስለሆኑ ፎሳ ቀሩ። ፎሳ ደግሞ የኬሪን የጁኒየር ዋንጫ አንስታ አታውቅም ነበር።

እነዚህ ተጫዋቾች በክለብ ደረጃ ከጁኒየር በላይ የሚጫወቱበት ምንም መንገድ አልነበራቸውም ማለት ግን አይደለም። ኬሪ ለዚህ የራሷ ዘዴ አላት። በሲኒየር ደረጃ የሌሉ ትናንሽ ክለቦች በየአቅጣጫቸው ተሰባስበው የጋራ ቡድን ያቆማሉ፤ ምሥራቅ ኬሪ፣ መካከለኛው ኬሪ፣ ደቡብ ኬሪ፣ ምዕራብ ኬሪ እየተባሉ በካውንቲው ሲኒየር ሻምፒዮና ይሰለፋሉ። ስለዚህ የፎሳ ተጫዋች ከመረጡት አንድ ሳምንት ለፎሳ በጁኒየር፣ ሌላ ሳምንት ለምሥራቅ ኬሪ በሲኒየር ሊጫወት ይችላል። በ2022 መኸር የሆነውም ይህ ነበር። ምሥራቅ ኬሪ መካከለኛው ኬሪን በፍጻሜ አሸንፎ የሲኒየሩን ዋንጫ ወሰደ፤ ፎሳ ደግሞ ሊስትሪን አሸንፋ የመጀመሪያዋን የካውንቲ ጁኒየር ዋንጫ አነሳች። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ተጫዋች የአገሩን፣ የካውንቲውንና የመንደሩን ዋንጫ አነሳ ማለት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይበልጣል? በውጪ ሆኖ ለሚያይ ሰው መልሱ ቀላል ይመስላል፤ በክለቡ ውስጥ ላደገ ሰው ግን ቀላል አይደለም። የካውንቲው ቡድን ከሺዎች የተመረጡ ሠላሳ ምናምን ሰዎች ስብስብ ነው። የክለቡ ቡድን ውስጥ ያሉት አብረውት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሄዱ፣ አባቶቻቸው ከአባቱ ጋር የተጫወቱ፣ ሣሩን የሚያጭደውንና በሩን የሚከፍተውን ሰው በስሙ የሚጠሩ ናቸው።

ካውንቲውን ያሸነፈ ክለብ ወዴት ይሄዳል?

የካውንቲው ዋንጫ መጨረሻ አይደለም። የየካውንቲው የጁኒየር ሻምፒዮኖች በየክፍለ ሀገራቸው ይጋጠማሉ፣ የክፍለ ሀገሮቹ ሻምፒዮኖችም ወደ መላ አየርላንድ የጁኒየር ክለቦች ሻምፒዮና ያልፋሉ። የሲኒየር ክለቦች አገር አቀፍ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1970-71 የውድድር ዘመን ነው፤ የጁኒየሩና የኢንተርሚዲየቱ ከዚያ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ዘግይተው መጡ። ይህ መዘግየት ለትናንሽ ክለቦች ቀላል ነገር አልነበረም። ቀድሞ የአንዲት መንደር ክለብ ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ ሜዳ የካውንቲው ስታዲየም ነበር፤ አሁን ግን መንገዱ እስከ ክሮክ ፓርክ ይደርሳል።

ፎሳ ይህን መንገድ ሄደችበት። በማንስተር የፍጻሜ ጨዋታ የኮርክ ካውንቲውን ኪልመሪ፣ በመላ አየርላንዱ ግማሽ ፍጻሜ የሚዝ ካውንቲውን ካስልታውን አሸነፈች። ጃንዋሪ 15 ቀን 2023 በክሮክ ፓርክ ከታይሮን ካውንቲ ከመጣው ስቱዋርትስታውን ሃርፕስ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘች። ታይሮን በሰሜን አየርላንድ ናት፤ ስለዚህ በዚያ ቀን የተገናኙት ሁለት መንደሮች በሁለት መንግሥታት ሥር የሚተዳደሩ፣ ያለዚህ ውድድር ምናልባት የማይተዋወቁ ነበሩ። ውጤቱ ቀደም ብለን ያሰላነው ነው፦ ፎሳ 0-19፣ ስቱዋርትስታውን 1-13።

ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ነው?

ስለዚህ ውድድር የሚነሳው ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፤ በጥሞና ማየትም ያስፈልጋል። በመላ አየርላንድ የጁኒየር ክለቦች ዋንጫ መዝገብ ላይ የኬሪ ክለቦች ስም ደጋግሞ ይገኛል። ብሮዝና በ2015፣ ቴምፕልኖ በ2016፣ ግሌንቤ-ግሌንካር በ2017፣ ቦፈርት በ2019፣ ና ጌል በ2020 አሸንፈዋል። ከዚያም ፎሳ ተከተለች።

ምክንያቱ ኬሪ በፉትቦል ጠንካራ መሆኗ ብቻ አይደለም፤ መሰላሉ የተሠራበት መንገድም አለበት። እያንዳንዱ ካውንቲ ስንት ክለብ ሲኒየር፣ ስንት ኢንተርሚዲየት እንደሚሆን የሚወስነው ራሱ ነው። ብዙ ካውንቲዎች አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ክለቦችን ሲኒየር ሲያደርጉ፣ ኬሪ የጋራ ቡድኖች ስላሏት በእነዚያ ዓመታት ሲኒየር ያደረገችው ስምንት ክለቦችን ብቻ ነበር። ከእነሱ ሥር አሥራ ስድስት ኢንተርሚዲየት አለ። ሒሳቡን ብንሠራው በኬሪ የጁኒየር ፕሪሚየር አሸናፊ ማለት ከካውንቲው ሃያ አምስተኛው ጠንካራ ክለብ አካባቢ ያለ ማለት ነው። ክለቦቿ ጥቂት በሆኑ ካውንቲ ሃያ አምስተኛው ክለብ ከናካቴው ላይኖር ይችላል። አንድ ፎቅ ለመውጣት በአንዱ ቤት አሥር ደረጃ፣ በሌላው ሃያ ደረጃ ቢኖር ፎቆቹ በስም እንጂ በከፍታ እኩል አይሆኑም። ተቃዋሚዎቹ «የኬሪ ጁኒየር በሌላ ካውንቲ ኢንተርሚዲየት ወይም ሲኒየር በሆነ ነበር» የሚሉት ለዚህ ነው።

የኬሪ ሰዎች መልስም ክብደት አለው። የካውንቲው የውስጥ መሰላል መጀመሪያ የተሠራው ለአገር አቀፍ ዋንጫ ሳይሆን በካውንቲው ውስጥ የተመጣጠነ ጨዋታ እንዲኖር ነው፤ ትንሽ ክለብን ያለ አቅሙ ወደ ላይ ማውጣት በየሳምንቱ በሃያ ነጥብ እንዲሸነፍ መፍረድ ነው። በእኔ ግምት ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ ችግሩ የተፈጠረው ለየብቻ የተሠሩ ሠላሳ ሁለት መሰላሎች አናታቸው ላይ በአንድ ገመድ በመታሰራቸው ነው።

የትልልቅ ክለቦች ሁለተኛ ቡድንስ?

ትልቅ ክለብ ከአሥራ አምስት በላይ ብዙ ተጫዋች አለው፤ ስለዚህ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ቡድን ያቆማል። እነዚህ ቡድኖች በታችኛው ደረጃ፣ ብዙ ጊዜም በጁኒየር ውስጥ ይሰለፋሉ። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ካውንቲዎች ጁኒየሩን የአንደኛ ቡድኖችና የሁለተኛ ቡድኖች ብለው ለይተዋል። በአንድ ላይ በሚወዳደሩበት ቦታ ደግሞ መከላከያው ሕግ ነው፤ በሻምፒዮናው ለላይኛው ቡድን የተሰለፈ ተጫዋች እንደ ልብ ወርዶ ለሁለተኛው ቡድን መጫወት አይችልም። ወደ ክፍለ ሀገርና ወደ አገር አቀፍ ውድድር የሚሄደውም በመርህ ደረጃ አንደኛ ቡድኑ ጁኒየር የሆነ ክለብ ነው፤ ውድድሩ የታሰበው ለትንሽ ክለብ ዋና ቡድን እንጂ ለትልቅ ክለብ ተጠባባቂዎች አይደለምና።

ለትንሽ ቦታ ይህ ሁሉ ለምን ከበደ?

ወደ ፍጻሜ የደረሰችን የገጠር መንደር በዚያ ሳምንት ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። በየአጥሩና በየመብራት እንጨቱ ላይ የክለቡ ቀለማት ይሰቀላሉ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ማሊያ ለብሰው ይመጣሉ፣ ዋንጫው ሲመጣ በመስቀለኛ መንገዱ ላይ ደመራ የሚያህል እሳት ይነድዳል። ነገር ግን ከበዓሉ ጀርባ ያለው ስሌት አሳሳቢ ነው። አሥራ አምስት ተጫዋች ለማሰለፍ፣ ተቀያሪና ልምምድ ሲታሰብ ደግሞ ቢያንስ ሃያ አምስት ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል። ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደብሊን፣ ከዚያም ወደ ለንደን፣ ወደ ቦስተን፣ ወደ ሲድኒ ሲሄድ ይህ ቁጥር ይጎድላል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በአንድ ክፍል ሦስት ወንድ ልጅ ብቻ ካለ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የሚሰለፈው ቡድን ዛሬውኑ ታውቋል ማለት ነው።

አንዳንድ ክለቦች ለዚህ መፍትሔ ያደረጉት ከጎረቤት ጋር መዋሐድን ነው። እንደ ግሌንቤ-ግሌንካር ወይም ሚልታውን-ካስልሜይን ያሉ ጥንድ ስሞች የሁለት ቦታ ሰዎች በአንድ ማሊያ እንደሚጫወቱ ይናገራሉ። መዋሐድ ቡድኑን ያድናል፤ ሆኖም ክለቡ የአንድ ቦታ ስም በሆነበት አገር ስምን ለሌላ ማካፈል ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ በየስብሰባው ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ያስነሳል። በብዙ አካባቢዎች ደግሞ ልጆቹ ብቻ ተዋሕደው እየተጫወቱ አዋቂዎቹ በየስማቸው ይቆያሉ። የጁኒየር ደረጃ ለእነዚህ ክለቦች የመጨረሻ መጠለያ ነው። ከሲኒየር የወረደም፣ በሰው እጥረት የተዳከመም፣ ገና የተመሠረተም እዚያ ይገናኛሉ፤ ከእነሱ መካከል በየዓመቱ አንዱ ብቻ ይወጣል።

በኬሪ የሚወጣው ክለብ የሚከፍለውም ዋጋ አለ። ፎሳ በጁኒየር አሸናፊነቷ ወደ ኢንተርሚዲየት አደገች፤ የኢንተርሚዲየቱ ዋንጫ ደግሞ ወደ ሲኒየር የሚያሻግር ዋንጫ ነው። ሲኒየር የሆነ ክለብ ደግሞ በካውንቲው ሻምፒዮና በራሱ ስም ይቆማል እንጂ ለጋራ ቡድን ተጫዋች አይሰጥም። ስለዚህ ፎሳ ሲኒየር ብትሆን ልጆቿ እስከዚያ ድረስ የምሥራቅ ኬሪን ማሊያ አብረዋቸው የለበሱትን የጎረቤት መንደር ጓደኞቻቸውን፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ሜዳ ቢገናኙ፣ በተቃራኒ ወገን ቆመው ነው የሚያገኟቸው።